ቃልን ስለ ማሳጠር፤ የስልክ መልእክትና የዕለት ጽሑፋችን

በአሁኑ ጊዜ በተማሪዎችና በመምህራን፣ በልጆችና በወላጆች መካከል ክርክር ከሚያስነሡት ነገሮች አንዱ በስልክ በሚላከው አጭር መልእክት ውስጥ ቃላትን ቈርጦ የመጻፍ ልማድ ነው። መምህሩ በፈተና ወረቀት ላይ ተቈርጦ የተጻፈ ቃል ሲያገኝ ነጥብ ይቀንሳል፤ ተማሪው በበኩሉ «የጻፍሁት ከገባዎ ስለ ምን ይቀነስብኛል?» ይላል። አባት ከልጁ የተላከለትን መልእክት ሁለት ሦስት ጊዜ አንብቦ ትርጕሙ ሳይገለጥለት ሲቀር፣ የጎረቤት ልጅ ጠርቶ ያስነብባል። አንዱ ወገን ልማዱ የስንፍናና የቋንቋ ጥፋት ምልክት ነው ሲል፣ ሌላው ወገን የዘመኑ ፍጥነት ያስገኘው ብልኀት ነው ይላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልማዱ ከየት እንደ መጣ፣ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ላይ የሚያስከትለው ነገር አንድ ዐይነት መሆኑንና አለመሆኑን፣ እንዲሁም ሰዎች በልማዱ የሚቈጡበትን ምክንያት በተቻለ መጠን ማስረዳት ነው። የጸሐፊው አሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ ምኅጻረ ቃል በጸሐፊውና በአንባቢው መካከል ያለ ውል ነው። ውሉን ሁለቱም ሲያውቁት ጊዜና ቦታ ይቈጥባል፤ ጸሐፊው ብቻ ሲያውቀው ግን ጸሐፊው ያተረፈውን ድካም አንባቢው ይከፍለዋል።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተከተላቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. ቃል ማሳጠር በአገራችን ጽሑፍ

ቃልን አሳጥሮ መጻፍ ከስልክ ጋር የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የጥንት የብራና መጻሕፍትን ያየ ሰው ጕዳዩ ከዚህ እጅግ የቈየ መሆኑን ይረዳል። ብራና በቀላሉ የሚገኝ ዕቃ አልነበረም፤ ለአንድ መጽሐፍ የብዙ እንስሳ ቆዳ ተፍቆ፣ ተወጥሮና ለስልሶ መዘጋጀት ነበረበት። ጸሐፊውም እያንዳንዱን ፊደል በብርዕ እየቀረጸ ስለሚጽፍ ጊዜውም ቦታውም ውድ ነበር። ስለዚህ አንባቢው በቃሉ የሚያውቀውን ነገር ሁልጊዜ ሙሉውን መጻፍ አላስፈለገውም። ለምሳሌ በመዝሙረ ዳዊት በ135ኛው መዝሙር አንድ ሐረግ በ26 ቍጥሮች ሁሉ ይመላለሳል፤ አንዳንድ ጸሐፍት ይህን ሐረግ በመጀመሪያ ብቻ ሙሉውን ጽፈው በቀሩት ቍጥሮች ላይ ጥቂት ፊደላት ብቻ ያስቀምጣሉ። መዝሙሩን የሚደግመው ሰው የጐደለውን ከአእምሮው እየሞላ ያነባል።

ከዚህ የሚበልጥ አስደናቂ ነገር በቍጥሮች ላይ ይታያል። በግእዝ መጻሕፍት «አሐዱ» ለማለት «፩ዱ»፣ «ሠለስቱ» ለማለት «፫ቱ» ተብሎ ይጻፋል። ቍጥሩ ትርጕሙን ይሰጣል፤ ቀጥሎ ያለው ፊደል ደግሞ ቃሉ በምን ድምፅ እንደሚጨርስ ለአንባቢው ያመለክታል። ዛሬ የእንግሊዝ ወጣቶች «ግሬት» የሚለውን ቃል ሲያሳጥሩ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ጽፈው በእነርሱ አፍ «ኤይት» የሚባለውን 8 ቍጥር ያስከትላሉ። የእኛም አገር ወጣቶች ምስጋና ሲያቀርቡ 10 ቍጥርን አስቀድመው «ኪው» የተባለውን የላቲን ፊደል ይጨምሩበታል፤ ይህም «ቴን» እና «ኪው» ተገጥመው «ቴንኪው» ተብሎ ይነበባል። በጥንቱና በአሁኑ መካከል ልዩነት አለ፤ የብራናው ቍጥር የሚያገለግለው በትርጕሙ ሲሆን፣ የስልኩ ቍጥር የሚያገለግለው በድምፁ ነው። ቍጥርንና ፊደልን አንድ ላይ ገጥሞ ቃል ማድረግ ግን ለአገራችን ጽሑፍ እንግዳ አይደለም።

በቤተ ክርስቲያን ዜማም ቢሆን የድጓው ምልክት በከፊል በምኅጻረ ቃል ላይ የተመሠረተ ነው። ከታወቁ የዜማ ቃላት የተቈረጡ አንድና ሁለት ፊደላት ከመስመሩ በላይ በቀጭኑ ይጻፋሉ፤ መሪጌታውም ያን ፊደል ባየ ጊዜ ዜማው በሙሉ ይታሰበዋል። ሊቃውንት እንደሚተርኩት ይህን ሥርዐት ያዘጋጁት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559) የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ምልክቱን ለማንበብ ግን በመጀመሪያ ዜማውን ማጥናት ግድ ነው። እንግዲህ ከላይ «ውል» ያልነው ነገር እዚህ ላይ በግልጥ ይታያል፤ ውሉን ያልተማረ ሰው ፊደሉን ቢያይም ከፊደሉ የሚያገኘው ነገር የለም።

የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ እየሰፋ ሲሄድ ደግሞ ዛሬ ሁላችን የምንጠቀምባቸው ምኅጻረ ቃላት ተለመዱ። እነዚህም በሦስት ይከፈላሉ።

ሀ) በነጥብ የሚለዩ፤ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» የዚህ ዐይነት ናቸው። ከእያንዳንዱ ቃል የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ይወሰዳል።

ለ) በእዝባር፣ ማለት በተጋደመው ሰረዝ የሚለዩ፤ «ት/ቤት»፣ «መ/ቤት»፣ «ፍ/ቤት» ስንል የመጀመሪያው ቃል ተቈርጦ ሁለተኛው በሙሉ ይቀራል። «ወ/ሮ» እና «ዶ/ር» ስንል ግን የአንዱ ቃል መነሻና መድረሻ ቀርተው መካከሉ ይወጣል።

ሐ) እንደ አንድ ቃል የሚነበቡ የድርጅት ስሞች፤ የኢትዮጵያ ዜና አገልግሎት «ኢዜአ» እንደሚባለው ያለ ነው።

በእነዚህ ማንም አይቈጣም። ከዚህም በላይ «ወዘተ» የምንለው ራሱ «ወዘተረፈ»፣ ማለት «የቀረውም» ከሚለው ግእዝ የተቈረጠ ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ የሚጽፈው ሰው ቃል እንዳሳጠረ ትዝ አይለውም። ስለዚህ ሰው የሚቈጣው ቃል ስላጠረ ብቻ አይደለም ለማለት ይቻላል።

2. በእንግሊዝ አገር የቈየው ክርክር

ነገሩ በእንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። ታዋቂው ደራሲ ጆናታን ስዊፍት በ1710 «ታትለር» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ በዘመኑ የነበሩት ሰዎች ቃላትን እየቈረጡ ቋንቋውን እንደሚያበላሹ አምርሮ ጽፏል። ካወገዛቸው ቃላት አንዱ «ሞብ» ነበር፤ ይህም ከላቲኑ «ሞቢሌ ቩልጉስ» የተቈረጠ ሲሆን ትርጕሙ ሁከተኛ ሕዝብ ማለት ነው። ዛሬ «ሞብ» በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሙሉ መብት ያለው ቃል ነው። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው «ኦኬ» በጽሑፍ የታየው በ1839 በቦስተን ከተማ ጋዜጣ ላይ ሲሆን፣ የተጀመረውም «ሁሉ ትክክል» የሚለውን ሆን ብሎ አሳስቶ በመጻፍና በማሳጠር እንደ ቀልድ ነበር። ወጣቶች ሲደነቁ የሚጽፉት «ኦ ኤም ጂ» ደግሞ የባሕር ኀይል አድሚራል የነበሩት ጆን ፊሸር በ1917 ለዊንስተን ቸርችል በላኩት ደብዳቤ ውስጥ ይገኛል። በዚያን ጊዜ አድሚራሉ የ76 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ስለዚህ ልማዱን የልጆች ብቻ አድርጎ መቍጠር ከታሪክ ጋር አይስማማም።

ስልክ ከመጣ በኋላ ግን ቍጣው በረታ። በ2007 የታወቀው የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ጆን ሃምፍሪስ በጋዜጣ ባወጣው ጽሑፍ መልእክት ላኪዎቹን ከጄንጊስ ካን ጋር አመሳስሎ ቋንቋውን እያጠፉ ናቸው አለ። በሚከተለው ዓመት የቋንቋ ሊቅ የሆነው ዴቪድ ክሪስታል ስለዚሁ ጕዳይ አንድ መጽሐፍ አሳትሞ፣ ፍርሀቱ ከነገሩ እጅግ የበለጠ መሆኑን ለማስረዳት ሞከረ።

ተመራማሪዎችም ጕዳዩን በቍጥር መርምረውታል። ክሪስፒን ተርሎው የተባለው መምህር በ2003 ባወጣው ጥናት በካርዲፍ የሚማሩ ወጣቶች የላኳቸውን 544 መልእክቶች መርምሮ፣ አጥረው የተጻፉት ከጠቅላላው ከአንድ አምስተኛ በታች ሆነው አገኛቸው። በካናዳ ሳሊ ታልያሞንቴና ዴሪክ ዴኒስ በ2008 ባቀረቡት ጥናት፣ የቶሮንቶ ወጣቶች በኮምፒዩተር ከተለዋወጡት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቃላት ውስጥ የዚህ ዐይነት ምኅጻረ ቃላት ከ100 እጅ 3 እንኳ አልሞሉም። በእንግሊዝ አገር ቤቨርሊ ፕሌስተርና ባልደረቦቿ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 12 ዓመት በሆኑ 88 ልጆች ላይ ያደረጉት በ2009 የታተመ ጥናት ደግሞ፣ ምኅጻረ ቃል አብዝተው የሚጠቀሙ ልጆች በንባብ ፈተና የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል።

ይሁን እንጂ ሁሉም ጥናት በአንድ አፍ አይናገርም። በ2010 በአሜሪካ የታተመ የላሪ ሮዝንና የባልደረቦቹ ጥናት፣ ብዙ የሚያሳጥሩት ወጣቶች መደበኛ ደብዳቤ ሲጽፉ የደከሙ፣ ስለ ራሳቸው ስሜት እንደ ልብ ሲጽፉ ግን የተሻሉ መሆናቸውን አመልክቷል። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ ለወዳጅ መጻፍና ለማይታወቅ ሰው መጻፍ ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፤ አንዱን ያወቀ ሰው ሌላውን ለብቻው መማር አለበት። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ደብዳቤ አጻጻፍ ስንማር መጀመሪያ የተነገረን ይኸው ነበር፤ ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት ወረቀቱን የሚከፍተው ማን እንደ ሆነ አስቡ።

3. የ160 እና የ70 ነገር

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ። ሰዎች በስልክ ሲጽፉ ስለ ምን ማሳጠር ጀመሩ? በ1985 ፍሪድሄልም ሂለብራንድ የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ የአንድ መልእክት ርዝመት ምን ያህል መሆን እንደሚገባው ሲያጠና፣ የፖስታ ካርድና የቴሌክስ መልእክቶችን ተመልክቶ 160 ፊደል እንደሚበቃ አመነ። የመጀመሪያው መልእክት ዲሴምበር 3 ቀን 1992 ከኒል ፓፕዎርዝ ኮምፒዩተር በቮዳፎን መስመር ተላከ፤ መልእክቱም የገና መልካም ምኞት ነበር።

የ160 ሒሳብ እንደሚከተለው ነው። ለአንድ መልእክት የተመደበው ቦታ 1,120 ቢት ሲሆን፣ ቢት ማለት ኮምፒዩተር የሚቈጥርበት ትንሹ ክፍል ነው። አንድ የላቲን ፊደል 7 ቢት ስለሚወስድ 1,120 ለ7 ሲካፈል 160 ይሆናል። የግእዝ ፊደላት ግን ከዚያ ሠንጠረዥ ውጭ ስለሆኑ እያንዳንዳቸው 16 ቢት ይወስዳሉ፤ 1,120 ለ16 ሲካፈል 70 ብቻ ይሆናል። ከዚህም የተነሣ 100 የላቲን ፊደላት በተጻፉበት መልእክት ውስጥ አንዲት የግእዝ ፊደል ብትገባ መልእክቱ በሙሉ በ70 ሒሳብ ይቈጠርና ለሁለት ይከፈላል፤ ዋጋውም የሁለት መልእክት ይሆናል።

በአገራችን ተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት የጀመረው በ1999 ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ውስጥ የገባውም በዚያው በ1999 ነበር፤ ነገር ግን በመዝገብ መግባትና በስልክ ላይ መገኘት አንድ ስላልሆነ፣ በብዙዎቹ ስልኮች ላይ የአገራችንን ፊደል ለመጻፍ ረጅም ጊዜ አልተቻለም። የጽሑፍ መልእክት አገልግሎቱም ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ተቋርጦ ቈይቶ የተመለሰው በአዲሱ ሺህ ዓመት መባቻ፣ በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ አማርኛን በላቲን ፊደል የመጻፍ ልማድ የተወለደው ከችግር ነው፤ ፊደሉን ንቆ የጀመረው የለም።

ሆኖም የ70 ጕዳት ብዙ ሰው እንደሚያስበው ያህል አይደለም። የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይዛ ስለምትገኝ ከጥንት ጀምሮ አጭር ነች። «ነገ ጠዋት ከቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊት እንገናኝ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንቍጠር። በግእዝ ፊደል 23 ፊደላትና 6 ክፍት ቦታዎች፣ በድምሩ 29 ይሆናል። በላቲን ፊደል በተለመደው አጻጻፍ ሲጻፍ ግን 40 ፊደላትና 6 ክፍት ቦታዎች፣ በድምሩ 46 ይደርሳል። እንግዲህ የግእዙ ጽሑፍ ከአንድ መልእክት 100 እጅ 41 ሲይዝ፣ የላቲኑ 29 ይይዛል። የላቲኑ ይቈጥባል፤ ነገር ግን ሁለት እጥፍ አይቈጥብም። ከዚህ ሌላ አማርኛ በአንድ ቃል ብዙ ነገር ያስራል። «አልመጣሁም» ስንል ማን፣ ምን፣ መቼ፣ መሆኑና አለመሆኑም በአንድ ቃል ይነገራል። በቃል ቍጥር ይከፈልበት በነበረው ቴሌግራም ይህ ትልቅ ጥቅም ነበረው።

ዛሬ በዘመናዊ ስልኮች ላይ የግእዝ ፊደል መጻፊያ ይገኛል፤ በኢንተርኔት የሚላከው መልእክትም በ70 አይቈጠርም። ምክንያቱ እየጠፋ ልማዱ ግን ቀርቷል።

4. አማርኛ ሲቈረጥ የሚጠፋው ነገር

በእንግሊዝ ልጆች ላይ የተገኘው ውጤት ለእኛም በቀጥታ ይሠራል ወይ ብለን ብንጠይቅ፣ በሚከተሉት ሦስት ምክንያቶች መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ እንግሊዝኛ አናባቢው ቢወጣለትም ብዙ ጊዜ ቃሉ ይታወቃል። የአማርኛ ግስ ግን ሥሩ በተነባቢ ላይ ቆሞ፣ ትርጕሙ በአናባቢው ይለዋወጣል። «ለበሰ»፣ «ልብስ»፣ «ልበስ» የሚሉት ሦስት ቃላት በላቲን ፊደል አናባቢያቸው ሲወጣ አንድ ይሆናሉ፤ የተደረገው ነገር፣ ዕቃውና ትእዛዙ አይለዩም።

ሁለተኛ፣ የላቲን ፊደል ጠንካራ ድምፆቻችንን አይለይም። «መጣ» እና «መታ» በላቲን ሲጻፉ አንድ ናቸው። «ወንድምህ መጣ» እና «ወንድምህን መታ» በሚሉት መካከል ያለውን ርቀት ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ችኩል ጸሐፊ ደግሞ «ን»ን ሊዘላት ይችላል።

ሦስተኛ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአክብሮት ነገር ነው። «ይምጣ» እና «ይምጡ» የሚለያዩት በመጨረሻዋ አናባቢ ብቻ ነው፤ «መጣ» እና «መጡ»ም እንዲሁ። አናባቢው ሲቈረጥ አንቱታውም አብሮ ይቈረጣል። እንግሊዝኛ «ዩ» የሚለውን ቃል በአንዲት ፊደል ቢያሳጥር ለልጅም ለሽማግሌም አንድ ስለ ሆነ የሚጠፋበት ክብር የለም። በእኛ ቋንቋ ግን ለአባት፣ ለእናት፣ ለአጎት ወይም ለመምህር የተላከ የተቈረጠ ቃል ተቀባዩን አንተ ያለው ይሁን አንቱ ያለው አይታወቅም። ብዙ ወላጆች በመልእክቱ የሚቀየሙበት ምክንያት በሌላ ነገር ይገለጥ እንጂ ሥሩ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ልጁ ፊደል ያወጣ ይመስለዋል፤ አባትየው ግን ክብሩ እንደ ወጣ ይሰማዋል።

በዚህ ላይ ተቃራኒው አሳብ ሊዘነጋ አይገባም። የራሳችን ፊደልም ቢሆን ሁሉን ነገር አይጽፍም። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ስለማይለይ፣ «አለ» የሚለው ቃል «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳል። «ዋና» የሚለውም የባሕር ዋና ይሁን የሥራ ዋና እንዲሁ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሁልጊዜ ከራሱ የሚጨምረው ነገር አለ። ጥያቄው ምን ያህል ይጨምር የሚለው ነው።

ሌላም ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። የእንግሊዝ ልጅ ሲያሳጥር በራሱ ፊደል ላይ ይጫወታል፤ ስለዚህ ድምፅንና ፊደልን ማገናኘት ይለማመዳል። የእኛ ልጅ ግን በላቲን ሲያሳጥር ከፊደሉ ርቆ ነው። በውጭ አገር ያደጉና አማርኛ እየተናገሩ ፊደል ያልተማሩ ልጆች ከአያቶቻቸው ጋር በላቲን ፊደል ቢጻጻፉ የሚመሰገን ነው፤ ጨርሶ ካለመጻጻፍ ይሻላልና። ፊደሉ በእጁ ያለው ተማሪ ግን በዚህ ምክንያት ሊጠቀም አይችልም።

5. ጕዳት የሚያመጣው አሳጥሮ መጻፍ

የስልክ መልእክትን ብቻ እየነቀፍን በመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ያለውን ዝም ብንል ፍርዳችን አድሎአዊ ይሆናል። ከሁሉ የሚበልጠው ጕዳት የሚገኘው በሰው ስም ላይ ነው። «ወ/ማርያም» ተብሎ ሲጻፍ ወልደ ማርያም ነው ወይስ ወለተ ማርያም? አንዱ የወንድ፣ አንዱ የሴት ስም ነው። «ተ/ማርያም» ተክለ ማርያምም ተስፋ ማርያምም ሊሆን ይችላል። አንድ ተማሪ ስሙ በትምህርት ምስክር ወረቀቱ ላይ በእዝባር፣ በመታወቂያው ላይ በሙሉ ቢጻፍ፣ ሁለቱ ወረቀቶች የአንድ ሰው መሆናቸውን ማስረዳት የሚገባው እርሱ ይሆናል። በፓስፖርት ላይ መሣሪያ በሚያነበው መስመር ውስጥ ደግሞ እዝባር ፈጽሞ አይገባም። ጸሐፊው በአንድ ጭረት ያተረፈው ጊዜ ለባለ ስሙ የብዙ ቀን መመላለስ ይሆንበታል።

በቀን አጻጻፍም እንዲሁ ነው። «3/4/2017» ተብሎ የተጻፈውን የአገራችን ሰው ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ብሎ ሲያነበው፣ እንግሊዛዊው ኤፕሪል 3 ቀን፣ አሜሪካዊው ደግሞ ማርች 4 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል። እዚህ ላይ የሚያስገርመው መድኀኒቱም ምኅጻረ ቃል መሆኑ ነው፤ የወሩን ስም ጽፎ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ያስከተለ ሰው በሁለትና በሦስት ፊደላት የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተት ያስወግዳል።

በሕክምና ደግሞ ነገሩ የሕይወት ጕዳይ ነው። በአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመረምረው ጆይንት ኮሚሽን በ2004 ሐኪሞች እንዳይጽፏቸው የተከለከሉ ምኅጻረ ቃላትን ዝርዝር አወጣ። ከእነዚህ አንዱ «ዩኒት» የተባለውን መለኪያ የሚተካው «ዩ» የተባለው የላቲን ፊደል ነው። በእጅ ሲጻፍ ዜሮ ይመስላል፤ 10 ዩኒት ኢንሱሊን የታዘዘለት ሕመምተኛ 100 ሊሰጠው ይችላል። እነዚህን ምኅጻረ ቃላት የሚጽፉት ሰነፎች ወይም ያልተማሩ ሰዎች አልነበሩም። ችግሩ አንባቢው ፊደሉን ጸሐፊው ባሰበው መንገድ ማንበቡ እርግጠኛ አለመሆኑ ነው።

6. ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘሩት ነገሮች የሚከተሉትን አሳቦች ማውጣት ይቻላል።

ሀ) ማን እንደሚያነበው ያልታወቀ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ ማመልከቻ፣ የምስክር ወረቀት፣ ውልና የሐኪም ትእዛዝ፣ በሙሉ ቃል ይጻፍ። በተለይ የሰው ስም አይቈረጥ።

ለ) ሁለት ትርጕም ሊኖረው የሚችል ምኅጻረ ቃል ቢያንስ በመጀመሪያ ጊዜ ከነሙሉ ቃሉ ይጻፍ።

ሐ) ለጓደኛ የሚጻፍ መልእክት የጓደኛሞቹ ነው፤ ሌላ ሰው ሊቈጣበት አይገባም። ለታላቅ የሚጻፍ ግን የግሱን መጨረሻ ይዞ ይጻፍ፤ አክብሮቱ በእርሷ ላይ ነውና።

መ) ማሳጠር ካስፈለገ በራሳችን ፊደል ይሁን። ፊደላችን አስቀድሞ አጭር መሆኑን ከላይ በሒሳብ አይተናል።

ስለ ፈተና የተነሣውንም ክርክር በዚሁ መንገድ መመልከት የሚቻል ይመስለኛል። በ2006 የኒውዚላንድ የፈተና መሥሪያ ቤት፣ መልሱ ተማሪው ነገሩን ማወቁን በግልጥ እስካሳየ ድረስ በምኅጻረ ቃል የተጻፈ መልስ ሊቈጠር እንደሚችል፣ የቋንቋ ችሎታ በሚመዘንበት ፈተና ላይ ግን ሊያስቀንስ እንደሚችል ባስታወቀ ጊዜ በዚያ አገር ብዙ ሙግት ተነሥቶ ነበር። በእኛም ኮሌጅ እያንዳንዱ ክፍል የተፈቀዱትን ምኅጻረ ቃላት በዓመቱ መጀመሪያ ዘርዝሮ ቢሰጥ፣ ተማሪው ነጥብ የሚያጣው ውሉን አውቆ ሲያፈርስ ብቻ ይሆናል፤ መምህሩም እንቈቅልሽ ከመፍታት ያርፋል።

በዚህ ጽሑፍ ያልተነካ አንድ ሰፊ መስክ አለ። ተማሪዎች በግእዝ ፊደል ሲጽፉ በእርግጥ የትኞቹን ቃላት፣ በምን መንገድ እንደሚያሳጥሩ በኮሌጃችን ውስጥ ተሰብስቦ ቢጠና፣ ከውጭ አገር ጥናት በመነሣት ከምንገምተው የተሻለ ዕውቀት ይገኛል። ይህን ሥራ ለመጀመር ፈቃድ ያላቸው የቋንቋ ክፍል ተማሪዎች ቢገኙ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከእነርሱ ጋር ለመሥራት ዝግጁ ነው።